ሲሞቅ የሚጠፋው ሃይሉክስ፦ በሽታው ተገኘ

ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። አሮጌዋ ሃይሉክሳችን፣ ባለ 22አር የቤንዚን ሞተሯ፣ ከሞቀች በኋላ መንገድ ላይ መጥፋቷን አቁማለች። ትናንት የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥታ ተመለሰች፤ አንዴም አልጠፋችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች። ከተማ ውስጥ ምንም አይላትም። ወደ አጋሮ ስንወጣ ግን ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ሳታንገራግር ድንገት ድርግም። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች።

ዘይትና ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚያስነሳውን) መቀየሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት እሱን አልፈዋለሁ።

ይህን በሽታ ለማንም ብትነግሩት መልሱ አንድ ነው፦ «ካርቡራቶሬው (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ነው፣ ይታጠብ!» የድሮ መካኒክ የሆኑት ጎረቤታችንም «ልጄ፣ አጥበው» ነው ያሉኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። ማጠብ ምርመራ አይደለም። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ጤነኛ ስለሆነች፣ ቀዝቅዛ ብትመረምሯት ምንም አታገኙም። መመርመር ያለባት እዚያው መንገድ ዳር፣ በጠፋችበት ደቂቃ ነው።

ያኔ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ቤንዚን አለ? እሳት አለ?

ለቤንዚኑ፣ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሱና የካርቡራቶሬውን ጉሮሮ እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ሳብ አድርጉ። ቀጭን ቤንዚን ፊጭ ካለ አለ ማለት ነው። የታንኩንም ክዳን ክፈቱ፤ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ከተሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚንም ከቆላው ቶሎ ይተናል፤ የ22አር ፓምፕ ደግሞ ሲሊንደር ሄዱ ላይ ታስሮ ሙቀቱን ይጠጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተነነ ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የኛዋ ግን ጠፍታም ፊጭ ትላለች።

ለእሳቱ፣ ትርፍ ካንዴላ ኬብሉ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነኩ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። በእጃችሁ አትያዙት፣ ከቤንዚንም አርቁት። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ እሳት ጧ ጧ ይላል። በጠፋችበት ሰዓት ግን ምንም የለም።

ከዚህ በኋላ ነው የሚያስቸግረው። ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው) ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረግን፣ ለውጥ የለም። አብሮት የታሰረውን ኢግናይተርም (ቦቢናውን የሚያበራና የሚያጠፋውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) አቀዘቀዝነው፣ ያው ነው። አንድ መለዋወጫ ሻጭ «ሁለቱንም ባንዴ ቀይራቸውና ተገላገል» ብሎኝ ነበር። እኔ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ሳይናገር አንድ ብሎን እንኳ አልገዛም፤ እናንተም አትግዙ።

የቀረው እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተሩ ነው። ውስጡ ለኢግናይተሩ ምልክት የሚልክ ትንሽ ጥቅልል አለ፣ ፒክአፕ ኮይል የሚሉት። ጤነኛው ከ140 እስከ 180 ኦም ገደማ ያነባል። የኛው ቀዝቃዛ ሆኖ 160 አካባቢ አለ፣ ማለትም ደህና። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው! ዲስትሪቢውተሩን ፈትቼ ቤት አስገባሁት (ከመፍታታችሁ በፊት ውስጡ የሚዞረው ሮተር ወዴት እንደሚያይና አካሉ የት ጋ እንደተቀመጠ በቀለም ምልክት አድርጉ)። ቴስተሩን አስሬ የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ለቀቅኩበት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ይህ ጤና ነው፤ መዳብ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ቁጥሩ ዘለለና ጭራሽ ጠፋ። መስመሩ ተቆርጧል። ማድረቂያውን አጥፍቼ ጠበቅኩ፤ ሲቀዘቅዝ 160 ተመልሶ መጣ። ከደስታዬ ብዛት ጮኽኩ።

ከጥቅልሉ የሚወጣውን ሽቦ በጥፍሬ ስፈትሸው፣ እጥፋቱ ላይ ፕላስቲኩ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ተበጥሰው ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ነው የቆሙት። ቫኪዩም አድቫንሱ (በሞተሩ የአየር መሳብ የእሳቱን ሰዓት የሚያስቀድመው) ጥቅልሉ የተቀመጠበትን ሳህን ባዞረ ቁጥር ሽቦው ይተጣጠፋል፤ ለዓመታት ሲተጣጠፍ ኖሮ ሙቀት ሲጨመርበት ይላቀቃል። ለስላሳ፣ ባለ ብዙ ክር ሽቦ በሊድ በየድኩለት። ስመልሰውም በጥቅልሉና አጠገቡ በሚዞረው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን አየሁ። አለቀ።

ያልተፈታልኝ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ነው። ስንቆም አሁንም ትንቀጠቀጣለች፣ ጆሮዬ ደግሞ ገና አልሰላም። ለእሱ ቅዳሜ ጋሼ ጋ እወስዳታለሁ፤ ያለምንም መሣሪያ በጆሯቸው ብቻ ነው የሚያስተካክሉት፣ ካርቡራቶሬ ላይ የሳቸውን ያህል የሚያውቅ ሰው አላየሁም።