ክረምቱን የቆመችው መኪናችንና አይጦቹ

ሰኔ ላይ ለሥራ ሐዋሳ ስሄድ መኪናዋን ግቢያችን ካለው የቆርቆሮ መጠለያ አስገብቼ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ፣ ሸራ አልብሼ ነው የተውኳት። የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። መስከረም ላይ ተመለስኩ። በማግስቱ እናቴ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፤ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ የባትሪውን ገመድ መልሼ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በዝናብ ታክሲ ስንጠብቅ የእናቴን ጉልበት እያየሁ ያንገበገበኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከሰዓት ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንት ሽታ ነው። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ጎጆ ተሠርቶበታል፤ ከኮፈኑ ሥር የተቦጨቀ ልባስ፣ ሶፍት፣ የሸራው ክር፣ የዶሮ ላባ። መሃሉ ላይ ዓይናቸው ያልተገለጠ አምስት ቀያይ የአይጥ ልጆች እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ተኝተዋል። አጠገባቸው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ላስቲካቸው ተልጦ መዳቡ ያበራል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ካልፋቀችው አይሆንላትም፤ ሽቦ ደግሞ ለዚህ ይመቻታል።

ኤሌትሪሻኑ ሽቦውን ቀጥሎ፣ ፊልትሮውን ለውጦ የወር አስቤዛችንን የሚያክል ገንዘብ ተቀበለኝ። ሲሄድ ግን «ከየት እንደሚመጡ ካላወቅህ ከወር በኋላ እንገናኛለን» አለኝ። እኔ ምክሩን ትቼ በአቋራጭ ሄድኩ። ናፍታሊን በተንኩ፤ አየር በሚገባበት መጠለያ ምንም አልሠራም፣ ሽታው ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ራስ ያዞር ነበር። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከውን ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሰካሁ። አይጦቹ በሥሩ ያልፉ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ገና በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 በላይ ለሚሆኑ የዚህ መሣሪያ አምራቾችና ሻጮች የምትሉትን በሳይንስ ማስረጃ ደግፉ ብሎ ማስጠንቀቂያ ልኮላቸው ነበር።

የሚጸጽተኝ መርዙ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጥ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ያልተጻፈበት መርዝ ገዝቼ ጥግ ጥጉን አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ድመት አጥራችን ሥር ሞታ ተገኘች። ሄጄ «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?» ብቻ ነው ያሉኝ። የዚያን ዕለት የተረፈውን ለቅሜ አስወገድኩ፤ ዳግመኛም ግቢያችን አልገባም።

ለውጥ የመጣው በአንድ ጣሳ ዱቄት ነው። ማታ የመጠለያውን ወለል በስሱ ዱቄት ነፋሁበት። ጠዋት በባትሪ መብራት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በመዝጊያው ሥር ይገባሉ ብዬ ስጠረጥር፣ ዱካው የሚነሳው የውሃ ቧንቧው ግድግዳውን ሰንጥቆ ከሚወጣበት ጥግ ነበር። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እናቴ የፍሩሽካ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያው ወደ መኪናው የፊት ጎማ። ጎማውን እንደ መሰላል ነበር የሚወጡበት። ለካ መኪናዋ መኝታ ቤታቸው ናት፤ ማዕዱ ፍሩሽካው ነው።

«እማዬ፣ የዶሮዎቹን መኖ ከዚህ ማንሳት አለብን» ስላት ቅር አላት፤ ሌላ ደረቅ ቦታ አልነበራትም። ክዳኑ ግጥም የሚል በርሜል ገዛሁላትና ተስማማች። ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ቀዳዳ ፍለጋ። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በምታህል ክፍተት ትሾልካለች፤ ስለዚህ ስክሪብቶ የሚያስገባ ነገር ሁሉ በር ነው ብዬ ስክሪብቶ ይዤ ግድግዳውን ዞርኩ። ሰባት ቦታ አገኘሁ። ቧንቧው ዙሪያ መጀመሪያ ፎም ሞላሁበት፤ በሳምንቱ በልተው ከፈቱት። ሁለተኛ የዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ አጭቄ በላዩ ሲሚንቶ ለሰንኩበት፤ እስካሁን አልተነካም። ከመዝጊያው ሥር የቆርቆሮ ቅጠል አስበየድኩ።

ውስጥ የቀሩትን በሞላ በሚሠራው የእንጨት ወጥመድ ያዝኳቸው። አይጥ መሃል ወለል አትሄድም፣ ግድግዳ ታካ ነው የምትሮጠው፤ ወጥመዱን ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ትንሽ የለውዝ ቅቤ ይበቃል። ብዙ ካደረግህ ልሳው ትሄዳለች። በአሥር ቀን ውስጥ ዘጠኝ ያዝኩ።

ስታጸዱ እባካችሁ ደረቁን አትጥረጉ። ሽንታቸውና ኩሳቸው በሽታ ያስተላልፋል፣ ሲጠረግ ደግሞ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንት አድርጌ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ ወለሉን አርሼ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ በጨርቅ ነው ያነሳሁት።

ዘንድሮ ሐዋሳ ስሄድ የአየር መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኜ፣ ሳላነሳው እንዳላስነሳት መሪው ላይ ወረቀት አሰርኩ። ሸራ ማልበሱን ተውኩት፤ ጨለማና ሙቀት ነው የሚሰጣቸው። የአጎቴ ልጅ በየሳምንቱ ወረቀቱን አይቶ፣ ሽቦውን አንስቶ ሰፈሩን ያዞራታል፤ በምትንቀሳቀስ መኪና ውስጥ አይጥ ተረጋግታ መውለድ ይከብዳታል ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት እናቴ ደውላ ከበርሜሉ ኋላ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ኩስ እንዳየች ነገረችኝ። ጎረቤት ግንባታ ጀምሯል፣ ከዚያ ሳይመጡ አይቀርም። ወጥመዱን እሷው ራሷ አጥምዳዋለች፤ ቅዳሜ ስመለስ ስክሪብቶዬን ይዤ እንደገና ግድግዳውን እዞራለሁ።