ቶሎ ለከፈለ የሚሰጥ ቅናሽ፦ ቼኩ ልክ ሆኖ መዝገቡ የሚሳሳትበት ቦታ

የተከፋይ ሂሳብ (ለአቅራቢዎች ያለብን ዕዳ) ልምምዳችን ቀላል የሚመስል ርዕስ ላይ ደርሷል፤ አቅራቢው ቶሎ ሲከፈለው የሚሰጠው ቅናሽ። ኢንቮይሱ ላይ «2/10፣ ኔት 30» ተብሎ ይጻፋል። በ10 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 2 በመቶ ይቀነሳል፣ ካልሆነ ሙሉው በ30 ቀን ይከፈላል። በብዛት በመገዛቱ ከዋጋው ላይ ከሚነሳው ቅናሽ ጋር አታምታቱት፤ ያኛው ለብቻው አይመዘገብም፣ ዕቃው ገና ሲገባ በተጣራው ዋጋ ይገባል።

አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር መስከረም 3 ቀን 100 ጋሎን ቀለም፣ አንዱን በ1,000 ብር፣ በዱቤ ገዛ እንበል። ቫት 15 በመቶ ነው። (ምሳሌው እንዳይጨናነቅ ዊዝሆልዲንጉን፣ ማለትም ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረውን ግብር፣ ለጊዜው ትተነዋል።)

ዴቢት ስቶክ 100,000
ዴቢት ግብዓት ቫት (ስንገዛ የተጨመረብን ቫት) 15,000
ክሬዲት ተከፋይ ሂሳብ 115,000

መስከረም 13 ክፍያ ተዘጋጀ። ጥያቄው 2 በመቶው ከምን ላይ ነው የሚለው ነው። አቅራቢው ቫቱንም አስተካክሎ ክሬዲት ኖት (ኢንቮይሱን የሚቀንስ ሰነድ) ከሰጠ፦

ዴቢት ተከፋይ ሂሳብ 115,000
ክሬዲት ባንክ 112,700
ክሬዲት ስቶክ 2,000
ክሬዲት ግብዓት ቫት 300

ክሬዲት ኖት ከሌለና ቅናሹ ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ከሆነ ቫቱ አይነካም፤ ከባንክ የሚወጣው 113,000 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ቅናሹ የሚያርፈው አስቀድማችሁ በመረጣችሁት አንድ አካውንት ነው፤ «የግዥ ቅናሽ» እንበለው። የ115,000 2 በመቶ 2,300 ስለሚሆን ሙሉው እዚያ ይገባል። ቼኩ 112,700 ነው፣ ልክ ነው። የአቅራቢው ቀሪ ዜሮ ነው፣ ባንኩም ይታረቃል፣ ትራያል ባላንሱም (የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያው) ይገጥማል። ግን 300 ብር የቫት ገንዘብ ቅናሽ መስሎ ተቀምጧል፣ ግብዓት ቫቱም በዚያው ልክ በዝቶ ሊታወጅ ነው። የወሩ የቫት ማስታወቂያ ሳይገባ በጆርናል ማስተካከል ነው፦ ዴቢት የግዥ ቅናሽ 300፣ ክሬዲት ግብዓት ቫት 300።

ሁለተኛው ስህተት 2,000ውን «ልዩ ልዩ ገቢ» ውስጥ መክተት ነው። ዕቃ በመግዛት ትርፍ አይገኝም። በአዋጅ ቁጥር 847 መሠረት አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን) የሚከተል ድርጅት ደግሞ ስለ ስቶክ የሚደነግገውን አይኤኤስ 2ን ይዞ ቅናሹን ከዕቃው ወጪ ላይ ይቀንሳል። እስከ ክፍያው ቀን 60 ጋሎን ተሸጦ ከሆነ 1,200ው የተሸጠ ዕቃ ወጪን፣ 800ው ስቶክን ይቀንሳል። ሁሉንም ስቶክ ላይ ከጣላችሁት የቀሩት 40 ጋሎኖች 38,000 ብር ተሸክመው አንዱ 950 ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛው ዋጋ ግን 980 ነው። መዝገብ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

በከፊል ሲከፈልስ? ቫቱን ትተን፣ በ10 ቀኑ ውስጥ 49,000 ብር ቢከፈልና አቅራቢው በከፊል ክፍያም ቅናሹን የሚሰጥ ከሆነ፣ የሚዘጋው ዕዳ 49,000ን ለ0.98 አካፍሎ 50,000 ነው። የ49,000ን 2 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር፣ የቀነሰ ሰው 20 ብር ያልተዘጋ ዕዳ ይቀርበታል፤ ያቺ 20 ብር ደግሞ ከአቅራቢው ስቴትመንት ጋር ለወራት ስታጨቃጭቅ ትኖራለች። የተመለሰ ዕቃ ካለ መጀመሪያ እሱን ቀንሱ፤ 10 ጋሎን ቢመለስ ቅናሹ የ90,000 ነው፣ 1,800 ብር። ኢንቮይሱ ላይ ለብቻው የተጻፈ የማጓጓዣ ዋጋ ላይ ቅናሽ አይሰላም።

ዊዝሆልዲንግም ቼኩን ያሳንሳል፤ ግን ለግብር ሰብሳቢው የሚከፈል ዕዳ ነው። ከቼኩ የጎደለን ሁሉ ቅናሽ ያለ ሰው አቅራቢው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሲጠይቀው መልስ ያጣል።

በኔት ዘዴ ዕቃው ገና ሲገባ በ98,000 ይመዘገባል፤ ቀኑ ካለፈ 2,000ው «ያመለጠ ቅናሽ» ተብሎ ወጪ ይሆናል። ሥራው ይበዛል፣ ነገር ግን ለሥራ አስኪያጅ የተሻለው ይህ ይመስለናል፤ ለ20 ቀን ብሎ 2,000 በ98,000 ላይ መክፈል በዓመት ሲሰላ ወደ 37 በመቶ ወለድ ነው፣ እስካሁን በተጠቀምንበት፣ ዕቃውን በሙሉ ዋጋው በሚመዘግበው የግሮስ ዘዴ ግን የትም አይታይም።

ቀኑ የሚቆጠረው፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ከኢንቮይሱ ቀን ነው፤ ዕቃው መጋዘን ከገባበት ወይም ቫውቸሩ ሂሳብ ክፍል ከደረሰበት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ኔት 30 ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ወር ያው ቀን ነው፣ መስከረም 3 ጥቅምት 3። ጳጉሜን ሲያቋርጥ ግን ተጠንቀቁ፤ ነሐሴ 20 የተቆረጠ ኢንቮይስ መክፈያው መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 14።