ባለ 10 ሳንቲሟ ፍቅር

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ዝናቡ አላሳልፍ ቢለኝ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ገባሁ። ጥግ ላይ በፕላስቲክ የታሸጉ የ1950ዎቹ የአሜሪካ የፍቅር ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ የፍቅር መጽሔቶች፣ ተደርድረዋል። ሽፋናቸው 10 ሳንቲም ይላል፤ ዛሬ የሚጠየቅባቸውን ግን ተዉት።

አንዷን አስከፍቼ አነበብኩ። ልጅቷ ነርስ ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች። ከዚያ አንድ ሐኪም ይመጣና ታለቅሳለች። ግን እንባዋን ብታዩት! እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ጉንጯ ላይ ቆሟል፣ ኩሏን እንኳ አላበላሸም። እኔ ሳለቅስ መጀመሪያ የሚቀላው አፍንጫዬ ነው።

ታሪኩን "እኔ" እያለች የምትናዘዘው እሷ ናት፤ ጸሐፊዎቹ ግን በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ዘርፉን እ.ኤ.አ. በ1947 ያስጀመሩት ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢም ያው ልዕለ ኃያሉን የኮሚክ ጀግና ካፒቴን አሜሪካን የፈጠሩት ናቸው። በ1954 ደግሞ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ፦ የፍቅር ታሪክ የቤትን ዋጋና የጋብቻን ክብር ማጉላት አለበት። እንግዲህ መጨረሻው ሳይጀመር ታውቋል ማለት ነው።

ደግሞ አልዋሽም፣ ልቤ ተሰቅሎ ነው የጨረስኳት። ቀለበቱ ገባ፣ ተሳሳሙ። የነርስ ቆቧን ፍለጋ ወደኋላ ገለጥኩ፤ ከስድስተኛው ገጽ በኋላ የለም።