ቴሲሶቻችን ጎግል ላይ እንዲገኙ ያደረግኩበት መንገድ

የምሰራው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው፣ ተመራቂዎች የሚያስረክቡትን የማስተርስና የፒኤችዲ ቴሲስ ዲስፔስ ላይ የምንጭነው እኛ ነን። ዲስፔስ ለማታውቁት በ2002 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ላይብረሪና ኤችፒ አብረው ያወጡት፣ እንዲህ ያሉ ስራዎች ኦንላይን ተከማችተው የሚነበቡበት ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ እዚህ ሀገርም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። ለዓመታት ሲጫን ሲጫን ኖሯል፣ ግን አንባቢ በምን በኩል ነው የሚደርስበት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ የጀመርኩት የጎግልን ሰርች ኮንሶል ከሪፖዚተሪያችን (ቴሲሶቹ ከተከማቹበት የዲስፔስ ሳይት) ጋር አያይዤ ሰው ምን ብሎ እየፈለገ እንደሚመጣ ማየት ስችል ነው።

በመነሻ ገፁ የሚገባ የለም ማለት ይቻላል። ኮሌጅ፣ ዲፓርትመንት፣ ዓመት እያልን የደረደርነውን ማንም ተከትሎት አይወርድም፣ ሰው ጎግል ላይ የጨነቀውን ጥያቄ ነው የሚፅፈው፣ "የተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችግር" ምናምን ይልና ከዛ ቀጥታ ፒዲኤፉ ላይ ዘሎ ይገባል፣ አውርዶ ይሄዳል፣ ከየት ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ እንኳን የሚያውቀው ሽፋኑን ሲያይ ነው። ስለዚህ ገፁን ማሳመር ትቼ ፋይሉ ላይና ስለፋይሉ በምንሞላው መረጃ ላይ ነው የገባሁት።

በእንግሊዝኛ የተፃፉት ትንሽም ቢሆን ይገኛሉ። የአማርኛዎቹ ግን፣ የስነፅሁፍ፣ የፎክሎር፣ የቋንቋ ማስተማር ጥናቶቹ፣ ጭራሽ የሉም። አንዱን ከፈትኩት፣ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። አንድ አንቀፅ ኮፒ አድርጌ ኖትፓድ ላይ ፔስት ሳደርገው ግን የወጣው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ድብልቅልቅ ነው! ምክንያቱ ፎንቱ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርፅ የሚያስቀምጡ ናቸው፣ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ሰው ስለለመዳቸው ለብዙ ዓመት ቴሲስ ሲተየብባቸው ቆይቷል። ለኛ አይን አማርኛ ነው፣ ለጎግል ግን ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው፣ እና ማንም ሰው የአማርኛ ቃል ፅፎ እዛ ፋይል ላይ ሊደርስ አይችልም።

የወርድ ፋይሉ የተገኘለትን በፎንት መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሬ እንደገና ፒዲኤፍ አደረግኩት። ወርዱ የሌለውን ደግሞ ገፆቹን ወደ ምስል ቀይሬ ቴሰራክት በሚባለው ነፃ ኦሲአር (ከምስል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም) አስነበብኩት፣ የአማርኛ ሞዴል አለው። ይሳሳታል፣ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ያምታታል፣ ግን ገፁ እንደነበረው ሆኖ ከስሩ የሚፈለግ ፅሁፍ ያስቀምጥለታል፣ ከምንም በብዙ ይሻላል። ከወረቀት ስካን የተደረጉትም እንደዛው ነው የታከሙት። ጎግል ስኮላር፣ የጎግል የጥናት ፅሁፎች መፈለጊያ፣ በመመሪያው ላይ ፋይል ከ5 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይላል፣ ምስል ብቻ የሆነ ስካንም አይቀበልም፣ የኛ ስካኖች ደግሞ በከለር ተነስተው አንዳንዱ ከዛ በብዙ የሚበልጥ ነበር። ጥቁርና ነጭ ሲደረጉ መጠናቸው በጣም ወረደ።

መረጃው ላይ ስመጣ በጣም ያሳሰበኝ ዓመተ ምህረቱ ነው። ሽፋኑ ላይ "ሰኔ 2012" የሚል ቴሲስ ሲሞላ 2012 ተብሎ ይገባል፣ ስኮላር ደግሞ እሱን የፈረንጅ 2012 አድርጎ ነው የሚወስደው፣ ስራው ግን የ2020 ነው። ተማሪ ሊትሬቸር ሪቪው ሲሰራ የቅርብ ጊዜ ጥናት አምጣ ስለሚባል ከ2018 ወዲህ ያለውን ብቻ አሳየኝ ብሎ ያጣራል፣ በቃ ያ ቴሲስ እዛው ጋ ወደቀ። አሁን መፈለጊያው በሚያነበው ቦታ የፈረንጁን እንሞላለን፣ የኛው ዓመተ ምህረት ማብራሪያው ውስጥ ይገባል።

ሌላው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ሥነ ጽሑፍ፣ ስነ ጽሁፍ፣ ስነፅሁፍ፣ ሁሉም ይፃፋል፣ የሪፖዚተሪው የራሱ ሰርች ግን ሦስቱን እንደተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። ርዕሱን ተማሪው እንደፃፈው ትቼ ቁልፍ ቃላት የሚሞላበት ቦታ ላይ የተለመዱትን አፃፃፎች በሙሉ አስገባሁ። የአማርኛ ርዕስ በላቲን ፊደል፣ ከስሩ ነጥብ እየተደረገ የተመዘገበበትም አለ፣ እሱን በስልኩ የሚተይብ አንባቢ አላየሁም፣ በግዕዝ ፊደል መልሼዋለሁ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙንም እንደ አማራጭ ርዕስ ጨምሬበታለሁ።

የቴክኒኩ ነገር ብዙም አላስቸገረም። ሰርቨሩ እንዳይጨናነቅ ተብሎ መፈለጊያ ሞተሮች የትኛውን ገፅ ማየት እንደሚችሉ በሚነግረው ሮቦትስ ፋይል ላይ ፒዲኤፎቹ ተዘግተው ነበር፣ አይቲዎቹን አስረድቼ ተከፈተ፣ የገፆቹ ዝርዝር የሆነው ሳይትማፕም ለጎግል ተላከ። አብስትራክቱ ያለ ሎግኢን እንዲታይ ማድረግም ግድ ነው፣ ስኮላር እሱን ካላየ አይወስደውም።

አንድ ነገር ቀድሜ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። ስኮላር አዲስ ስራ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ አንዴ የገባን ስራ ማስተካከያ ግን ለማየት ከ6-9 ወር እስከ አንድ ዓመት ወይም ከዛም በላይ ይፈጅበታል፣ ራሳቸው ናቸው እንደዛ ያሉት። ጭነን በኋላ እናርማለን የሚባለው ነገር በጣም ውድ ነው ማለት ነው፣ ርዕሱም ዓመቱም ፋይሉም ከመጫኑ በፊት መታየት አለበት።

አሮጌዎቹን ስጀምር ቅድሚያ የሰጠሁት ለፎክሎር ቴሲሶቹ ነው። ተማሪዎቹ ገጠር ወርደው ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰቧቸው ቃል ግጥሞች፣ ተረቶችና የለቅሶ እንጉርጉሮዎች መጨረሻው ላይ በአባሪ ተያይዘዋል፣ ብዙዎቹ ሌላ የትም አልታተሙም። አሁን ሰርች ኮንሶሉ ላይ የአንዱን ቃል ግጥም ስንኝ ፅፎ የገባ ሰው ይታየኛል፣ በአማርኛ የሚመጣው ፍለጋም በግልፅ ጨምሯል፣ እንዲህ ስትደክሙበት የቆያችሁትን ነገር ሰው ሲያገኘው ማየት በጣም ደስ ይላል።

ከድህረ ምረቃ ክፍሉ ጋር አሁን እየተነጋገርን ያለነው ተማሪው ቴሲሱን ሲያስረክብ እዛው ፒዲኤፉ ተከፍቶ ከመሀል አንድ የአማርኛ ቃል እንዲፈለግበት፣ ካልተገኘ ፋይሉ እንዲመለስለት ነው። እስከዛ ልታስረክቡ የተዘጋጃችሁ ልጆች ራሳችሁ ሞክሩት፣ ከቴሲሳችሁ አንድ አንቀፅ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ አማርኛ ሆኖ ካልመጣ በፎንት መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ፎንት፣ ወደ ኒያላም ሆነ ወደ አቢሲኒካ፣ ቀይራችሁ እንደገና ፒዲኤፍ አውጡለት።