በስልክ መስመር የመጡ ቋጠሮዎች

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ እጽፋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አጎቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታቸው ሊለቁ ዕቃ ስናሸክፍ፣ ከቤዝመንቱ ሦስት የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ ወጣ። ሰፊው፣ እጅ ላይ የሚተጣጠፈው፣ 360 ኪሎባይት ብቻ የሚይዘው ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ይጣል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዱን አገላብጠው አዩትና «እያንዳንዷን በስልክ ነው ያመጣኋት፤ ከቻልክ ፍታልኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ ስገባ ራቴን ቀማምሼ ይቺ ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

በስልክ ማለታቸው ቡሌቲን ቦርድ የሚባለውን ነው፤ ሰው በስልክ ደውሎ የሚገባበት፣ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጥበት ኮምፒውተር። የመጀመሪያውን በየካቲት 1978 (ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቺካጎ ውስጥ ሥራ ያስጀመሩት ዋርድ ክሪስቴንሰንና ራንዲ ሱይስ ናቸው። አንድ ኮምፒውተር፣ ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሞደም፣ አንድ የስልክ መስመር። አንዱ ደውሎ ከገባ ሌላው ተይዟል የሚለውን ድምፅ እየሰማ ይጠብቃል። አጎቴ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር፤ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ሞደሙን ያበሩታል። የሩቅ ከተማ ጥሪ የሚረክሰውም በዚያ ሰዓት ነበር።

ፋይሉ ሁሉ ለምን ታምቆ፣ መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቆ፣ እንደተቀመጠ የገባኝ ሒሳቡን በወረቀት ስሠራ ነው። የእሳቸው ሞደም 1200 ቢት በሰከንድ ነበር፤ ይህ በሰከንድ 120 ፊደል ያህል ነው። 200 ኪሎባይት የሆነ ፕሮግራም እንዳለ ቢያወርዱት ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በግማሽ ከታመቀ 14 ደቂቃ። የተረፈው 14 ደቂቃ ደግሞ የስልክ ሒሳብ ነው፤ በፓርኪንግ ደሞዝ የሚከፈል። ፕሮግራሙና መመሪያው አንድ ላይ መቋጠራቸውም ሌላው ጥቅም ነበር፤ አንዱ መጥቶ ሌላው አይቀርም።

የመጀመሪያው ቋጠሮ አልፈታም አለኝ። ላፕቶፔ «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለ። ወደ ሚጣለው ክምር ልወረውረው ነበር፤ ግን በዓይኔ ሳላየው እጄ እንቢ አለ፤ ባይት በባይት ከፈትኩት። የመጀመሪያው ባይት 26 ነው። ቀጥሎ የማመቂያው ዘዴ ቁጥር፣ ከዚያ የፋይሉ ስም፣ ጥርት ብሎ የሚነበብ። አልተበላሸም። አርክ በሚባለው ፋይል ማመቂያ የተቋጠረ ነው። ቶም ሄንደርሰን ከነኩባንያው በ1985 ያወጣው፣ ከዚፕ በፊት ቡሌቲን ቦርዶቹን የሞላው። የድሮውን የአርክ ፕሮግራም በዶስቦክስ፣ የድሮ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያስነሳው፣ ውስጥ አስነስቼ ሰጠሁት፤ ወዲያው ፈታው። መክፈቻው የጠፋበትን ነገር ተበላሽቷል ብሎ የሚፈርድ ማሽን ስንቱን አስጥሎ ይሆን?

የፋይሉን ጭራም አየሁት። መጨረሻው ላይ ያው 26 እየተደጋገመ ተደርድሯል። ይህ የአርክ ሥራ አይደለም፤ የስልኩ ነው። ያው ክሪስቴንሰን በ1977 የጻፈው ኤክስሞደም ፋይሉን 128፣ 128 ባይት እየቆረጠ ይልካል። የመጨረሻው ቁራጭ ካልሞላ በ26 ይሞላዋል። ስለዚህ በኤክስሞደም የመጣ ሁሉ መጠኑ ለ128 እኩል ይካፈላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የእያንዳንዱን መጠን ማካፈል ልማድ ሆነብኝ፤ እኩል ሲካፈል ያን የሞደም ጩኸት የሰማሁ ያህል ደስ ይለኛል።

ከዚያ ዚፖቹ መጡ። የጻፍኳት ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ብዙዎቹን ፈታችና አንዱ ላይ ቆመች፤ «የማመቂያ ዓይነት 6፣ ኢምፕሎድ» ብላ። ዛሬ ዚፕ በብዛት የሚያምቅበት ዴፍሌት በ1993 በሰፊው ከመግባቱ በፊት የነበረ ዘዴ ነው። ዛሬ ዚፕ እንፈታለን የሚሉ ብዙ መሣሪያዎች አያውቁትም። የኢንፎዚፕ ሰዎች የሠሩት አንዚፕ ግን ያውቀዋል፤ ፈታልኝ።

ሁሉም ዚፕ ሲከፈት የሚጀምረው በሁለት ፊደል ነው፦ ፒ እና ኬ። የፊል ካትዝ ስም ነው። የሚልዋኪው ልጅ ከአርክ የሚፈጥን ሠርቶ አወጣ፤ የሄንደርሰን ኩባንያ በ1988 ከሰሰው፤ ካትዝ ከፍሎ ተስማሙ። በ1989 ዚፕን አወጣና አሠራሩን ለማንም በነፃ አሳወቀ። የቡሌቲን ቦርዱ ሕዝብ ለካትዝ አድልቶ ከአርክ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ሄንደርሰን ያለ አግባብ ተፈርዶበታል ባይ ነኝ፤ እሱም ትንሽ ኩባንያ ነበር፣ ኮዱንም ለሕዝብ ሰጥቶ ነበር። ካትዝ በሚያዝያ 2000፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ የምንላላከው የወርድ ሰነድ፣ ስልካችን ላይ የምንጭነው የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ውስጡ ዚፕ ነው፤ መጀመሪያው ላይ የዚህ ሰው ስም አለ።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ግን ጽሑፎቹን ማንበብ ነው። አንዱን መመሪያ ስከፍት ገጹ ዳር እስከ ዳር አናቱ ላይ ጭረት ባለው የላቲን «አይ» ተሞልቷል። ለካ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን የፊደል ሰንጠረዥ ያ ኮድ ድርብ መስመር ነው። ሰንጠረዡን ስቀይረው ርዕሱን የከበበ የሚያምር ሣጥን ሆኖ ወጣ። አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ የሳለው። ቀኖቹም እንዲሁ ይናገራሉ። ጥር 1 ቀን 1980 የሚሉ ፋይሎች አሉ። የዚያን ጊዜ ብዙ ኮምፒውተር ሰዓት አልነበረውም፤ ሲነሳ ቀኑን ይጠይቃል። ሳይመልሱ ኢንተር ከተጫኑ ጥር 1 ቀን 1980 ይላል። ሥራው ያስቸኮለው ሰው ነው።

አጎቴ ትናንት ሊያዩ መጡ። ፊዶኔት የሚል ስም ሲያዩ ፊታቸው በራ። ቦርዶቹ ሌሊት ሌሊት እየተደዋወሉ የታመቀ ፖስታ የሚለዋወጡበት መረብ ነው፤ ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው። «በኋላ እኮ አዲስ አበባም ደርሷል፤ ኢሲኤ ግቢ ውስጥ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓዲስ የሚባለው የኢሲኤ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ክፍል በፊዶኔት ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ኢንተርኔት አገር ቤት የገባው በ1997 ነው።

ከሦስተኛው ካርቶን አንድ አርክ ቀርታኝ ነበር። ስሟ በላቲን ፊደል «ጥቅምት» ይላል፤ ውስጧ አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ አለ፣ በእኛ አቆጣጠር የጥቅምት 13 ቀን 1981 ዓ.ም.። ስፈታት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ወጣ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩም አልገጠመም። ዲስኩ በስብሷል ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ ተበላሽታለች መሰለኝ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ስሟን አነበቡ። «አልተበላሸችም፤ ቁልፍ አላት።»

«ያስታውሱታል?»

ቡናቸውን አንስተው ፉት አሉ። «እሷን ተዋት፣ የኔ ልጅ።»

የአርክ ቁልፍ ደካማ ነው። የይለፍ ቃሉን ፊደሎች እያዞረ ከዳታው ጋር ያቀላቅላል እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም፤ አንድ ምሽት ብቀመጥበት እሰብረዋለሁ። ዛሬ ማታ ለዚያ አልተቀመጥኩም። ሌሎቹን ፈትቼ፣ ቋጠሮዎቹንም እንዳሉ አድርጌ ለእሳቸው ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ። እሷንም እንደታሰረች ከሌሎቹ ጋር ገለበጥኳት።

ከመገልበጤ በፊት እንደ ልማዴ መጠኗን አየሁ። 4,391 ባይት። ለ128 አትካፈልም። ጭራዋ ላይም የ26 ድርድር የለም። በዚያ ሁሉ ሌሊት በስልክ ከመጣው መሐል፣ እዚሁ ቤት ተጽፋ፣ ተቋጥራ፣ የትም ሳትላክ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።