የመኪና አምራቾች ቃል በጅማ መንገድ ሲመዘን

አንድ የመኪና ኩባንያ «ፋብሪካዬን ከካርቦን ነጻ አድርጌያለሁ» ሲል፣ ዓይናችሁን ከፋብሪካው ጣሪያ አንስታችሁ ማርሚታው ላይ አድርጉ። የቤንዚን መኪና ከተሠራበት ቀን አንስቶ ቁራሌው እስኪወስደው ድረስ ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው የሚወጣው በዚያ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይለቃል፤ ናፍጣ 2.7። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2.8 ቶን ገደማ ያጨሳል። የፋብሪካው ሶላር ከዚህ ላይ አንድ ግራም አይቀንስም።

ያለፈ ሥራቸውም እምነት የሚጣልበት አይደለም (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጄኔራል ሞተርስ በ1996 ያከራየውን ኢቪ1 የተባለ ኤሌክትሪክ መኪና በኋላ ሰብስቦ አብዛኛውን ጨፈለቀው። ቮልቮ በ2021 «ከ2030 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ብቻ» አለ፤ በ2024 ቃሉን አላላ።

ለጅማ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ቶዮታ ነው፤ ከቪትዝ እስከ ዶልፊን ሚኒባስ ከተማው የለመደው እሱን ነውና። ቶዮታ ለአንድ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚውለው ማዕድን ለ90 ሃይብሪድ (ቤንዚንና ባትሪን አጣምሮ የሚሄድ) መኪና ይበቃል እያለ ይከራከራል። መብራት ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ይህ ሙግት ክብደት አለው። እዚህ ግን መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው፤ ጎረቤታችን ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋዋት ነው። ስሌቱን እንየው፦ ባትሪ ሲመረት ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አቅም ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል ቢባል፣ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ3.6 እስከ 6 ቶን ዕዳ ይዞ ይመጣል። ይህ ዕዳ ከላይ ያየነው የቤንዚን መኪና ቢበዛ በሁለት ዓመት ገደማ የሚያጨሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ሙቀት የቡናውን መሬት ወደ ደጋ እየገፋ ባለበት አካባቢ ይህ ትርፍ ትንሽ ነገር አይደለም።

መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ፣ አሁን የሚመጣው በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው። እዚህ ላይ ሌላ የአምራቾች ጠባይ ይገለጣል። በአንድ ቻርጅ ይሄዳል ብለው የሚጽፉት ርቀት ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለአገር አቋራጭ መንገድ ሩቡን ቀንሱለት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጊቤ ድልድይ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ1,200 ሜትር በላይ ዳገት አለ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪናን ያን ያህል ከፍ ማድረግ ብቻውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አንድ ስምንተኛ ገደማ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ባትሪው ሞልቶ ካልሆነ። ስለዚህ ስትመለሱ ወልቂጤ ላይ ቻርጅ ካደረጋችሁ 85 በመቶ ላይ ንቀሉ፤ ሙሉ ባትሪ ጉልበቱን መቀበል ስለማይችል ወደ ጊቤ ስትወርዱ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ 16 አምፔር አትሳቡ፤ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል። መኪናው ላይ 10 አምፔር አድርጉት። ለ32 አምፔር ቻርጀር ከቆጣሪው የራሱ መስመር ይዘርጋ፤ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ 40 አምፔር ብሬከር፣ በትክክል የተቀበረ የምድር ዘንግ ያስፈልጋል፤ መስመሩ ረጅም ከሆነ ገመዱ 10 ይሁን። ምሽት ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ መሰካት ይሻላል።

የአምራቹ ቃል እውነተኛ መለኪያ ግን ጥገና ነው። በአራተኛው ዓመት ቆሞ የቀረ መኪና ዕዳውን ቢከፍልም ትርፉ እዚያው ይቆማል፤ ለቻይና ገበያ የተሰጠ ዋስትና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድንበር አይሻገርም። ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን የጤና መጠን በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብቡ። ሻጩንም ሞጁሉ (ባትሪው ውስጥ ያለው የሴሎች ጥቅል) ለብቻው ይቀየር እንደሆነ ጠይቁት፤ ካልተቀየረ፣ አንድ ሴል ሲበላሽ የምትገዙት ሙሉ ባትሪ ነው።