ፊልማችሁን ወደ ባንፍ ከመላካችሁ በፊት

የተራራ ፊልም የሚወድቀው በተራራው ምክንያት አይደለም። ስሜን ላይ ካሜራ ያቆመ ሰው የሚያየው ገደል ከየትኛውም አገር ገደል አያንስም። ፊልሙን የሚጥለው ነፋስ የበላው ድምፅ፣ ፈቃድ ያልተገኘለት ሙዚቃ እና በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንደሚቀረጽ ቀድሞ አለመወሰን ነው። ሦስቱም ከቤት ከመውጣት በፊት ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ባንፍ በካናዳ አልበርታ፣ በሮኪ ተራሮች መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,383 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር በብዙ ትበልጣታለች። የተራራ ፊልም ፌስቲቫሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ተጀመረ። ጣሊያን ውስጥ ትሬንቶ ላይ የሚካሄደው በ1952 ስለተጀመረ በዕድሜ ይቀድመዋል፤ ባንፍን የሚለየው ግን ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነው። ፈረንጆቹ ኦክቶበር በሚሉት ወር መጨረሻ ጀምሮ ኖቬምበር መግቢያ ላይ፣ በእኛ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ፣ ዘጠኝ ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ ከቀረቡት ፊልሞች የተመረጡት በብዙ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ከተሞችን ይዞራሉ። ስለዚህ ፊልማችሁ የሚያልፍበት በር ሁለት ነው፤ አንዱ ፌስቲቫሉ፣ ሌላው ዙረቱ። ዙረቱ የራሱ ውል አለው፤ ሙዚቃው ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሽልማቱ በዘርፍ የተከፋፈለ ነው። ዓለት መውጣት፣ የበረዶ ስፖርት፣ የተራራ አካባቢና ተፈጥሮ፣ የተራራ ሕዝብ ባህል፣ አጭር ፊልም እና ሌሎችም አሉ። ከስሜን ወይም ከባሌ ለሚመጣ ፊልም ባህሉ ሰፊ በር ነው ብዬ አምናለሁ። በገመድ ተንጠልጥሎ ገደል የሚወጣ ሰው ዳኞቹ አይተው የጠገቡት ነገር ነው። በቅሎ ነጂው ጭነት ሲያስር ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ በጉልበቱ የበቅሎዋን ጎን ተጭኖ ሲያጠብቅ ግን ለብዙዎቹ አዲስ ነው። እሱን ከኋላ የሚታይ ጥላ አታድርጉት፤ ቅረቡት፣ በራሱ ቋንቋ ይናገር።

እሱ ሲናገር ደግሞ የድምፁ ጣጣ ይመጣል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ከቆላው ወደ ገደሉ አፍ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ የካሜራውን የራሱን ማይክሮፎን ዋጋ ያሳጣዋል። ስፖንጅ ብቻውን አይበቃም፤ ጸጉራም መከላከያ ልብስ ያስፈልጋል። ደረት ላይ የሚሰካውን ትንሹን ማይክሮፎን ከተጠቀማችሁ ጠላታችሁ ጋቢው ነው። ሰውየው እያወራ ጋቢውን ሲያጣፋ፣ ሲከናነብ፣ ትከሻው ላይ ሲመልስ ጥጡ ማይክሮፎኑን ይፈትገዋል፤ ያ ኮሽታ በኤዲቲንግ አይወጣም። መፍትሔው ማይክሮፎኑን ከጋቢው ሥር ሳይሆን ከሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ በሐኪም ፕላስተር መለጠፍ፣ ሽቦውንም ከታች አንድ ዙር ጠቅልሎ በሌላ ፕላስተር መያዝ ነው። ሲጎተት ጥቅልሉ ይሳባል እንጂ ማይክሮፎኑ ጋ አይደርስም።

የድምፅ መጠኑን በእጅ አስተካክሉ፤ ከፍ ያለው ንግግር መለኪያው ላይ ነጋቲቭ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ካሜራው ራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ሰውየው ዝም ባለ ቁጥር ነፋሱን ከፍ ያደርገዋል፤ አዳራሽ ውስጥ ይህ እንደ ማዕበል ይሰማል። በየቦታው ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅረጹ። ያቺ ደቂቃ ከሌለች ንግግር የቆረጣችሁበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራውም ባዶ ነው ብሎ ይዘጋል። ባትሪዎቹን አብራችኋቸው ተኙ፤ ቀን ላይ የተዘጋውን በብብት አሙቁት፣ ጥቂት ይመለሳል። ካሜራውን ግን ሞቅ ወዳለ ቤት ስታስገቡ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ይቆይ። ወዲያው ከተከፈተ ሌንሱን ላብ ያለብሰዋል፤ ላቡ ውስጠኛው መስታወት ላይ ከሆነ ደግሞ ማጽጃ የለውም።

ድሮን ለማንሳት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን ከጉዞው በፊት ጨርሱ። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ክንፎቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር ስላለባቸው የበረራው ጊዜ ያጥራል። ባትሪው 30 በመቶ ሲቀረው አውርዱ፤ ከገደሉ አፋፍ ወዲያ የወደቀውን ማንም አያመጣላችሁም።

ፍሬሙ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል ሥር እንዳይርገበገብ ብዙ ሰው በ25 ፍሬም ይቀርጻል። ሲኒማ ቤት በብዛት የሚሠራው በ24 ነው። 25ቱን ወደ 24 ለመቀየር ትክክለኛው መንገድ ፊልሙን በሙሉ 4 በመቶ ማዘግየት ነው፤ 60 ደቂቃው 62 ተኩል ይሆናል። ድምፁም አብሮ ይወፍራል፣ ልዩነቱ ከግማሽ ቃና ትንሽ ያንሳል። የመሰንቆውን ቅኝት የሚያውቅ ጆሮ ይህን ይሰማዋልና የድምፁን ቃና መልሳችሁ ከፍ አድርጉ። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲቀይረው ከተዋችሁት በየሰከንዱ አንድ ፍሬም ይጥላል፤ ካሜራው በዝግታ የተራራውን ጫፍ ተከትሎ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። በስልክ የተቀረጸ ነገር ካለ ደግሞ ስልኩ ፍሬሙን እንደ ብርሃኑ ስለሚለዋውጥ ንግግሩና ከንፈሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መጀመሪያ ወደ ቋሚ ፍሬም ቀይሩት፣ ከዚያ ቁረጡት።

የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ከሁለት መስመር፣ መስመሩም ከ42 ፊደል አይብለጥ። የተናጋሪው አነጋገር ረጅም ከሆነ ሐሳቡን ተርጉሙ፤ ተረቱን ቃል በቃል ለማስገባት መታገል ተመልካቹን ከፊቱ ላይ ይነጥቀዋል። በግዕዝ ፊደል የሚወጣ ርእስ ወይም ስም ካለ ከምስሉ ጋር አትሙት፤ ለብቻው ከላካችሁት የአዳራሹ ማሽን ፊደሉን አያውቀውምና በቦታው ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ።

አሁን ወደ ሙዚቃው። አንድ ዘፈን ውስጥ ግጥሙ፣ ዜማው እና ቅጂው የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል፤ የዘፋኙ እሺታ ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ ለፌስቲቫል ብቻ የተጻፈ ከሆነ ዙረቱ ሲጠራችሁ ትወድቃላችሁ፤ ትኬት ተሸጦ በየከተማው የሚታይ ነገር ሌላ አገልግሎት ነው። ወይ ሙዚቃውን አውጥታችሁ እንደገና ትቆርጣላችሁ፣ ወይ ዕድሉን ትተዋላችሁ። ከመጀመሪያው “በመላው ዓለም፣ በማንኛውም የማሳያ መንገድ” የሚል የጽሑፍ ስምምነት ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው እዚያው ያገኛችሁትን ዋሽንት ነፊ ራሳችሁ መቅረጽ ነው። ክፈሉት፤ ስምምነቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ሲስማማም በካሜራ ቅረጹት። ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ወረቀት ብቻውን ለእሱም ለእናንተም ዋስትና አይሆንም።

ለማየት የምትልኩት ሊንክ ጊዜው የሚያልፍ አይሁን። የማመልከቻ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መዝጊያው በባንፍ የበጋ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከሆነ አዲስ አበባ በማግስቱ ከጠዋቱ 2፡59 ነው። በዚያች ሌሊት ኢንተርኔቱን አትመኑ፤ ሳምንት ቀድማችሁ ጫኑ።

ከተመረጣችሁ የሲኒማ ቅጂው፣ ዲሲፒ የሚባለው፣ ይዘጋጃል። ለተለመደው ሰፊ ምስል 1998 በ1080 ነው። ንግግሩን መሀለኛው ስፒከር ላይ አስቀምጡት። ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ዳር የተቀመጠ ሰው በቅሎ ነጂው ከግድግዳው ውስጥ የሚናገር ይመስለዋል።

ካልጋሪ ያላችሁ ሐበሾች ለማየት ብቻ መሄድ ትችላላችሁ፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ለመግባት ግን ይከፈላል። ፊልሞቹ የሚታዩበት የኪነ ጥበብ ማዕከል ከከተማው በላይ ታነል ተራራ ጎን ላይ ነው፤ ዳገቱ ማታ በረዶ ስለሚይዝ የሚነክስ ጫማ አድርጉ። መንገድ ላይ ትልልቆቹን አጋዘኖች ካገኛችሁ ከ30 ሜትር አትቅረቡ፤ ድቡን ከ100። የቅዳሜና እሑድ ትኬት ቀድሞ ያልቃል።

ፊልም ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ሁለት ሃርድ ዲስክ አዘጋጁ። አንዱን ቀድማችሁ ላኩት፤ ሁለተኛው በእጅ ቦርሳችሁ ይግባ እንጂ ከሻንጣ ጋር አይጫን።